የቀርከሃው ሰው

ካፖርቶቹ በዚያ ገበያ ካልወጡ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ጋሽ አድማሴ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም፤ ለክፉ ከሆነማ ጭራሽ።

«ስሚ ይታይሽ» አሉኝ፣ ጣታቸውን ሱቁ ጥግ ወደተቆለለው ካኪ ቀስረው። «‹ያምጧቸው እንጂ የማሳየቱን ለኔ ይተዉት› ያልሽው አንቺ ነሽ። አመጣሁ። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፤ ያያቸው አይጥ ብቻ ነው። በሚመጣው ገበያ ካልተነሱልኝ ያንን ሁሉ የቀርከሃ ኮተትሽን ለማገዶ አወጣዋለሁ። ባንኮኒውን ለውቤ እሰጣለሁ። አንቺም ወደ ቆሰበር፣ ወደ አባትሽ።»

«ውርጩ ገና መግባቱ እኮ ነው ጋሼ።»

«ውርጩም ይገባል፣ አንቺም ትወጫለሽ።»

ውቤ በሩን ተደግፎ ሳቀ። ውቤ የጋሽ አድማሴ የወንድም ልጅ ነው፤ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሮ፣ ከዚያ እሱና ትምህርት ተሰለቻችተው ተለያዩ። የሱ ሐሳብ ሱቁን በሙሉ ቁልፍ ባለው መሳቢያ መሙላት ነበር። «ዕቃ ከታየ ይሰረቃል» ይላል። ያልታየ ዕቃ እንደማይሸጥ ማንም አልነገረውም፤ እኔ ስነግረው ደግሞ የውሃ ቀጂ ምክር አልሰማም አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ዳንግላ የገባሁት ውሃ ልቀዳ ነው። የተወለድኩት ከቆሰበር ወጣ ብሎ ነው። አባቴ ክንዴ ቀርከሃ ሰንጣቂ ነው፤ በኛ አገር ቀርከሃ ቤትም፣ አጥርም፣ አልጋም፣ ጎተራም ስለሆነ እጄ ከማማሰያ በፊት ቢላዋ ለመደ። ሴት ልጅ ቀርከሃ ስትሰነጥቅ ያየ ሁሉ ቤታችን ወንድ የጠፋ ይመስለው ነበር። ወንድስ አልጠፋም፤ የጠፋው ከኔ እኩል የሚሰነጥቅ ነው።

የጋሽ አድማሴ ባለቤት እትዬ ካሳነሽ ለቤት ሥራ ብለው አመጡኝ። ሱቁ ውስጥ ስኳር የሚጠቀለለው በአሮጌ ጋዜጣ ነበርና፣ ስኳሩን ለገበያተኛ ፊደሉን ለራሴ እያልኩ ማንበብ ለመድኩ። ያስተማረኝ የለም፤ ስለዚህ ውለታ የምመልስለትም የለም።

በዚያን ጊዜ የዳንግላ ሱቅ ሁሉ አንድ ነው። ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ኋላ በጨለማ የተደረደረ ሣጥን። የሚፈልጉትን በስሙ ይጠሩታል፣ ነጋዴው ያወጣልዎታል። ስሙን ካላወቁት የለም። አንድ ቀን ከገጠር የመጣች ሴት ባንኮኒው ፊት ቆመች። ሣጥን ተከፍቶ የመስተዋት ጫፍ አይታለች፤ ዓይኗ ከዚያ አልነቀል አለ። በአማርኛ ምን እንደሚባል አታውቅም፤ ጋሽ አድማሴ ደግሞ አገውኛ አይሰሙም። ሰው ፊት ስሙን ማጣቱ አሳፈራትና ጨው ገዝታ ሄደች። የጨውን ስም ታውቀዋለቻ። እኔ እንስራዬን እንዳዘልኩ ይህን አየሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ቀረ። ግማሹ ገበያተኛ የሚፈልገውን ትቶ ስሙን የሚያውቀውን ይዞ ነው የሚመለሰው። ዕቃው ከታየ ግን ስም ምን ያደርጋል፤ ጣት ይበቃል።

መጀመሪያ ደረጃውን ሠራሁ፤ የኋላው ስኒ ከፊተኛው በላይ ብቅ እንዲል ከፍ ከፍ እያለ የሚሄድ የቀርከሃ መደርደሪያ፣ ጫፉ ላይ የሚንከባለለውን የሚይዝ ከንፈር ያለው። ቀጥሎ ዟሪት መጣች። እትዬ ካሳነሽ ሲፈትሉ እንዝርቱን እያየሁ ነው የታየችኝ፤ ቀጭን ቀርከሃ በወፍራም ቀርከሃ ውስጥ ተክዬ፣ በክንዶቹ ላይ ማተቡን፣ ዶቃውን፣ ማበጠሪያውን፣ መስተዋቱን ሰቀልኩ። ባላገሩ ቆሞ በጣቱ ገፋ ሲያደርጋት ሱቁ ሁሉ ዞሮ ይመጣለታል። «ሰይጣን ነው የሚያዞራት» ያሉ ነበሩ። «ሰይጣን ዶቃ ከሸጠልኝ ደመወዝ እቆርጥለታለሁ» አልኳቸው። ጃንጥላዎቹን ዘርግቼ ከጣሪያው በሰቀልኩ ጊዜ አንድ ቄስ ቀና ብለው «አድማሴ፣ ታቦቱ በየት በኩል ነው የሚወጣው?» ብለው ሰውን አሳቁት። ስቀው ስቀው ግን ጃንጥላ ገዝተው ነው የሄዱት። ማዶ ያለው ነጋዴ ዟሪትን አይቶ አሠራት፤ የሱ ዟሪት ግን ስትዞር እንደ ተረገጠች ድመት ትጮሃለች።

ይህን ሁሉ ሠርቼ «ውሃ ቀጂዋ» መባሌ አልቀረም። ይሁን። ባንኮኒው ኋላ የምቆመው ግን እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሱቅ በቀር እጄ የሠራው ነገር ቆሞ የሚታይበት ቦታ በምድር ላይ አልነበረኝም። ቆሰበር ብመለስ የሚጠብቀኝ ጎተራ ነው፤ ጎተራ ደግሞ የፈለገውን ያህል ቢያምር ሰው እህሉን እንጂ እሱን አያይም።

ካፖርቶቹ ለምን እንዳልተነሱ አውቅ ነበር። ባላገሩ የሚያውቀው ጋቢ ነው፤ ጋቢ ታጥፎም ተዘርግቶም ጋቢ ነው። የታጠፈ ካፖርት ግን ጆንያ ይመስላል። ካፖርት ሰው ላይ መቆም አለበት። ውቤን ልበሰው ስለው «እኔ አህያ ነኝ የሚጭኑብኝ?» አለ። እውነትም ውቤ ላይ ከሚታይ ጆንያው ይሻላል። ስለዚህ ሰው ሠራሁለት።

ቀርከሃ ዳንግላ እንደ ቆሰበር እንደልብ አይገኝም፤ ያለኝን ስንጥቅ ሁሉ አሟጠጥኩ። እንደ ቅርጫት ጎድን ጎድኑን አጉብጬ በልጥ አሰርኩ፣ ለአንገቱ ወፍራሙን ተውኩ፣ ራሱን ከቅል አደረግኩ፣ ባርኔጣ ደፋሁበት። ካፖርቱን አልብሼ ቁልፎቹን ስቆልፍ ሰው ሆነ።

በዚያ ቤት ስለ ካፖርት ይጮኻል፣ ስለ ደርበው ዝም ይባላል። ደርበው የጋሽ አድማሴና የእትዬ ካሳነሽ አንድ ልጃቸው ነው። ኮንጎ ከዘመተው ጦር ጋር ሄዶ፣ ከሄደ ወዲህ ክረምት በክረምት ላይ መጥቷል፤ ድምፁ የለም። አንድ ጊዜ እትዬ ካሳነሽ ምርር ብለው ሊያለቅሱ ሲሉ ጋሽ አድማሴ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑት። «ለቆመ ሰው አይለቀስም! ሟርት ነው። ልጄን በእንባሽ እንዳትገድዪብኝ።» ከዚያ ወዲህ እትዬ ካሳነሽ ጓዳ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ሲጠሯቸው «አቤት» ይላሉ፤ ሌላ አይሉም።

የገበያው ቀን ማለዳ ጋሽ አድማሴ የጭነት መኪና ሊቀበሉ ወጡ። እኔም የቀርከሃውን ሰው ከሱቁ ፊት ለፊት አውጥቼ ወደ መንገዱ አዙሬ አቆምኩት። ካኪ ፀሐይ ይበላዋል፤ ቀለሙ እንዳይለቅ በዙሪያው እንጨት ተክዬ፣ ከላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጣል ጣል አድርጌ ጥላ አበጀሁለት። ከዚያ ገብቼ ባንኮኒዬ ኋላ ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ ጀርባው ነበር። እንዴት ያለ ጀርባ! ዓይን ያለው ሰው ሳይገዛው አያልፍም አልኩ።

መጀመሪያ የመጣው አያ ደጉ ነው። ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር የሚመጣ ገበሬ ነው፣ የቤቱ የቆየ ደንበኛ፣ ደርበውንም በልጅነቱ በፈረሱ ላይ ያስቀምጠው የነበረ። እየሰገረ መጣና ከሩቅ ልጓሙን ሳበ። ወረደ። «ያዘው!» አልኩ በልቤ። ጋቢውን ዘቀዘቀ፤ ሞቆት ይሆናል አልኩ። ቀስ እያለ መጥቶ ካፖርቱ ፊት ቆመ። እኔም ፈገግ ብዬ ወጣሁ።

«መቼ ነው?» አለኝ በአገውኛ።

«ዛሬ ማለዳ ነው ያቆምኩት።»

«ዛሬ ማለዳ!» አለና ራሱን ያዘ።

«አዎ። ዙርና ጀርባውንም እየው እንጂ አያ ደጉ።»

«ጀርባውንማ አሳየን እኮ እናቴ፣ ሄደ!» ደረቱን ደለቀው። «ደርበው! ልጄ ደርበው!»

ያን ጊዜ ዞሬ ከፊት አየሁት። ዳስ። በዳስ ሥር በእንጨት ላይ የቆመ የወንድ ልብስ፤ ያውም ካኪ፤ ያውም ልጁ ከዘመተበት ቤት ደጃፍ። በኛ አገር ሰው ሩቅ ሞቶ ሬሳው ካልመጣ የሚለቀስለት እንደዚህ ነው። ልብሱ ይቆማል፣ ዳስ ይጣላል፣ ዘመድ ከቦ ሙሾ ያወርድበታል። እኔ ሸቀጥ አቆምኩ ስል ያቆምኩት ሙት ነበር።

«አያ ደጉ፣ ኧረ አይደለም—» አልኩ። አልሰማኝም። ከኋላው የመጡት እሱን እንጂ እኔን አላዩም፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ አይተው ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ገበያተኛው እንስራውንም፣ በጉንም፣ ጭነቱንም እየጣለ መጣ። ነጠላ ሁሉ ተዘቀዘቀ። ሴቶቹ ፊታቸውን መንጨት ጀመሩ።

«የሚሸጥ ነው!» አልኩ። «ዕቃ ነው! ካፖርት ነው! የሚሸጥ ነው!» በአማርኛ ጮህኩ፣ በአገውኛ ጮህኩ። አንዲት ሴት መጥታ ወገቤን በሁለት ክንዷ አሰረችው።

«አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ።»

«ልቀቂኝ! አልሞተም!»

«አልሞተም ትላለች፣ አንጀቴን! የቤቱ ልጅ ናት እኮ። አእምሮዋን ነክቷት ነው፣ ደግፉልኝ።»

ደገፉልኝ። እጄንም፣ ትከሻዬንም፣ ነጠላዬንም ደገፉ። እኔ በጮህኩ ቁጥር ልቅሶው ይብስባቸዋል። በሕይወቴ ሠርቼ ያቆምኩትን ነገር እንደዚያን ቀን ብዙ ሰው አይቶልኝ አያውቅም።

እትዬ ካሳነሽ ከጓዳ ወጡ። እንዝርታቸው በእጃቸው ነው። ሰውን አዩ፣ ዳሱን አዩ፣ ካፖርቱን አዩ። ማንም ምንም አልነገራቸውም፤ የሚነገር ነገር አልነበረም። እንዝርቱን ጣሉትና በካፖርቱ ላይ ወደቁበት፤ ቀርከሃው ሲንቋቋ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ከዚያ አፋቸው ተከፈተ።

«ኮንጎ ስንት ቀን ነው በእግር ቢሄዱበት፤
ልብሱ መጥቶ ቆሟል ልጁን ወዴት ጣሉት።»

ሰዉ ተቀበላቸው። ፈረሶቹ ሳይቀሩ ጆሯቸውን ቀጥ አደረጉ።

ጋሽ አድማሴ ከመኪናው ሲመለሱ ሰው ከሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀላቸው። እንደዚያ መንገድ የሚለቀቅለት ምን የደረሰበት ሰው እንደሆነ ያውቃሉ። የዳሱን እንጨት ይዘው ቁጭ አሉ።

«ማን ነገራችሁ?» አሉ። «ወሬውን ማን አመጣው?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ ሌላውን ጠቆመ፣ ያ ሌላውን፤ ጣቱ ዞሮ ዞሮ አያ ደጉ ላይ አረፈ። አያ ደጉ የቀርከሃውን ሰው ጠቆመ።

«ማን ይነግረኛል? ቆሞ አየሁት እንጂ።»

«የይታይሽ መስቀያ እኮ ነው!» አለ ውቤ፣ በሩ ላይ ሆኖ እየሳቀ። ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ቆሞ ሁሉንም ያያል። «ካፖርት መሸጫ ነው! ራሷ ናት ያቆመችው!»

ጋሽ አድማሴ ተነስተው ባርኔጣውን አነሱት። ቅሉ ወጣ። ሴቶቹ ለቀቁኝ፤ እንደ ጋለ ምጣድ ነው የለቀቁኝ።

«ሟርተኛ!» አለች ያችው ወገቤን የያዘችኝ። «ለሕያው ሰው አስለቀሰችን!»

«ከማለዳ ጀምሮ የሚሸጥ ነው እያልኩሽ—»

«የሚሸጥ! ሙት ልትሸጪልን!»

አያ ደጉ ጋቢውን አስተካክሎ ለበሰ። በኔ ላይ አልጮኸም፣ እሱ ባሰኝ። «ካፖርቱን እንግዲህ አንቺው ልበሽው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከዛሬ ወዲያ እዚህ አገር የሚለብሰው የለም።» ፈረሱ ላይ ወጣ። ሌላውም በጉን፣ ጭነቱን እየለቀመ ተበተነ። እንዲህ ሆኖ ካፖርቶቹ እዚያው ሞቱ።

እትዬ ካሳነሽ ግን አልተነሱም። መሬት ተቀምጠው የካፖርቱን እጅጌ ይዘዋል። ጋሽ አድማሴ ወደኔ መጡ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልመቱኝም፤ ፊታቸው አመድ ነው።

«ፍቺው» አሉኝ።

«ካፖርቶቹን እንደ ምንም ብዬ ጋሼ፣ ቆሰበር ገበያ ወስጄ—»

«ካፖርቱን ተዪው! ካፖርቱ ይቃጠል! እሱን ፍቺልኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚያው እሷ ፊት ፍቺው። እያንዳንዱን እንጨት አሳያት። ለቆመ ልጅ ተለቅሷል፤ ነገሩ የእንጨት ነገር ሆኖ ካልቀረ ልጄን ነው የሚወስደው። ፍቺልኝና ሱቁን እንደወደድሽ አድርጊው። ውቤንም አባርርልሻለሁ።»

ውቤ መሳቁን አቆመ።

ልናገረው እንጂ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላ ደስ አለኝ። ሄጄ ከቀርከሃው ሰው ጉልበት በላይ ያለውን ልጥ ያዝኩ። ቋጠሮው የራሴ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ እፈታዋለሁ። እትዬ ካሳነሽ እጄን ያዙኝ።

«አትንኪው።»

«እትዬ፣ እንጨት እኮ ነው። እዩት፣ ቅል ነው።»

«ቅል መሆኑን አውቃለሁ። ቅል የማላውቅ መሰለሽ?»

ዓይናቸውን አየሁት። ያወቀ ዓይን ነበር። እብደት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ካሳ፣ ተነሺ» አሉ ጋሽ አድማሴ። «ልጁ አለ። አልሞተም።»

«አየኸው?»

ጋሽ አድማሴ በእጃቸው የያዙትን ባርኔጣ ጨመደዱት።

«ማን አየው? አፌን ከድነህ ያዝከኝ፣ እሺ አልኩ። ስንት ጊዜ ሙሉ አለ ብዬ ማዕድ አቀረብኩ፣ አለ ብዬ አልጋውን አነጠፍኩ። ዛሬ አለቀስኩት። ሆዴ ውስጥ የነበረው ድንጋይ ተነሳ። አሁን ይህን ስትፈቱት መልሳችሁ ልትጭኑብኝ ነው።»

«ቢመጣስ? ነገ በዚያ በር ቢገባስ?»

«ይሳቅብኝ። ለመሳቁ ይምጣ እንጂ።»

ጋሽ አድማሴ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። «ፍቺ።»

«እትዬ» አልኩ፣ «እባክዎን። እሱ ካልፈረሰ የምፈርሰው እኔ ነኝ። ሱቁን፣ ደረጃውን፣ ዟሪትን፣ ሁሉንም ነው የማጣው። ሌላ የለኝም። እርስዎ ያውቃሉ፣ ሌላ ምንም የለኝም።» ለምኜ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ለመንኩ፣ ጉልበታቸውን ይዤ።

የሰሙኝ አልመሰለኝም። ካፖርቱን እያዩ ነበር፤ እኔ ሱቅ ውስጥ ስንት ጊዜ ያየሁትን አስተያየት፣ ገዥ ዕቃ ሲያገላብጥ እንደሚያየው።

«እሱን ግን አይመስልም» አሉ። «የሱ ትከሻ ሰፊ ነው። ይህ ወድቆበታል፣ እዪው፣ ካፖርቱ ተንጠልጥሎበታል። አስፊልኝ።»

«እጅሽን ብታነሺ!» አሉ ጋሽ አድማሴ። «ብታነሺ ይታይሽ፣ ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ!»

ቋጠሮው በጣቶቼ መካከል ነበር። ብስበው ያልቃል። ካፖርቱን አየሁት፤ እውነታቸውን ነው፣ ተንጠልጥሏል። እኔ የሠራሁት ሰው የማንም ሰው ነበር፤ የሳቸው ግን ትከሻ አለው፣ እሳቸው ብቻ የሚያውቁት ትከሻ። ስሙን ጠርተው ሊያገኙት አልቻሉም፤ ማንም የሚያወጣላቸው የለም። የቀራቸው ማየት ነው።

«ምን ያህል ላስፋው?» አልኳቸው።

ከጀርባዬ ጋሽ አድማሴ ወደ ሱቁ ሲገቡ ሰማሁ። መጀመሪያ ደረጃው ነው የወደቀው፣ ከነስኒው፣ ከነብርጭቆው። ከዚያ ውቤ ዟሪትን ጎትቶ መንገድ ላይ ጣላት፤ ዶቃው ወደ ቦዩ ሲንከባለል ለቃሚ ሮጠ። ቀና አላልኩም። ቀርከሃ አልቆብኝ ስለነበር፣ ውቤ ዟሪትን ጥሎ ሲመለስ ሄጄ አንዱን ክንዷን ሰበርኩና በቢላዋዬ ለሁለት ሰነጠቅኩት።

እትዬ ካሳነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰው እንደሚያቅፍ፣ መጠኑ እንዳይጠፋባቸው ቀስ ብለው። በመዳፎቻቸው መካከል ያለውን ስፋት በስንጥቁ ለካሁት። አሰርኩት። ዓይናቸውን ገልጠው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይል ነበር» አሉ። «ልጅ ሆኖ ከበቅሎ ወድቆ ነው።»

ፈታሁና ቀኙን ዝቅ አደረግኩት።